ንጉሡ ሲቀመጥ አገሩ ተነሣ፦ ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ታቦር

ይህን ማስታወሻ የያዝኩት የጎንደር መንገድ እንደ ልብ በሚኬድበት ጊዜ ነው። ጉዞው ለሽርሽር ብቻ አልነበረም። አንድ ጥያቄ ሲያብሰለስለኝ ከርሟል። ጎንደር ከ1636 ጀምሮ የነገሥታት መናገሻ ሆነች። ግንብ፣ አድባራት፣ ሊቃውንት፣ ነጋዴ፣ ሁሉም ነበራት። መቶ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይታ ግን ንጉሥ የሚቀመጥባት፣ ንጉሥ የማያዝባት ከተማ ሆነች። ከውጭ የመጣ ወራሪ አላፈረሳትም። ዙፋኑንም «ይቅር» ያለ ሰው የለም። ታዲያ ሥልጣኑ ወዴት ሄደ? (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

ማክሰኞ፦ ባሕር ዳር፣ ፎገራ፣ እንፍራዝ

መናኸሪያ የደረስኩት በጠዋት ነው። የተነሣነው ግን በጠዋት አይደለም። ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን» እያለ ሦስት ሰው ጫነ። ከዚያም አንዲት እናት ከነዶሮዎቻቸው ተጨመሩ።

ዓባይን ተሻግረን ወደ ወረታ ስንቃረብ ግራና ቀኙ የፎገራ ሜዳ ሆነ። ዛሬ ሩዝ የሚመረትበት አገር ነው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር አረንጓዴው ዓይን ይይዛል። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት እኔ በመስኮት ስፈዝ አይተው «ልጄ፣ ይሄ ሜዳ ስንቱን ሠራዊት አብልቷል መሰለህ» አሉኝ። ለጥያቄዬ የመጀመሪያውን ጫፍ የያዝኩት እዚያ ነው።

ከጎንደር በፊት የነበሩት ነገሥታት ኑሯቸው ድንኳን ነበር። በ1520 ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የአፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር በዓይኑ አይቶ ጽፏል። ሰፈር ሲባል ተንቀሳቃሽ ከተማ ማለት ነው። ድንኳኑ ብዛት የለውም። ታቦቱ፣ ገበያው፣ ችሎቱ፣ ወጥ ቤቱ ሁሉ አብሮ ይጓዛል። እህሉና ማገዶው ሲያልቅ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይተከላል።

ብዙ ሰው ይህን እንደ ኋላ ቀርነት ያየዋል። እኔ ብልሃት ነው እላለሁ። የዚያን ጊዜ ግብር በአብዛኛው ገንዘብ አይደለም። እህል ነው፣ ማር ነው፣ ሰንጋ ነው። ጋሪ በማይሄድበት፣ ገደል በበዛበት አገር እህሉን ወደ ንጉሡ ከማጋዝ ንጉሡን ወደ እህሉ መውሰድ ይቀላል። ሌላም ጥቅም አለው። ንጉሡ ደጃፉ ላይ የሰፈረበት ገዥ ጎተራውን አይደብቅም። ወታደሩ ይቆጠራል። ተበደልኩ ያለ ገበሬም እድንኳኑ ድረስ ሄዶ «ጃንሆይ!» ብሎ መጮኽ ይችላል። በእርግጥ ሰፈሩ ያረፈበትን አገር እንደ አንበጣ ይግጠው ነበር። ነጻ ምሳ የለም።

እንፍራዝ ላይ ወረድኩ። ከመንገዱ ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ የጉዛራ ግንብ አለ። አፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያሠሩት እንደሆነ ይነገራል። ሲወጡት ያስተነፍሳል። ከላይ ግን ጣና ከዳር እስከ ዳር ይታያል። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ተከትሎኝ ወጣ። «ጋሼ፣ ንጉሡ እዚህ ቁጭ ብሎ ነው ባሕሩን የሚያየው» አለኝ፣ ትናንት ያየው ይመስል።

ቁጭ ብሎ። ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። ፋሲለደስ ድንገት አንድ ቀን ተነሥተው ከተማ አልቆረቆሩም። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት በጣና ዙሪያ፣ በእንፍራዝ፣ በጎርጎራ፣ በደንቀዝ፣ ክረምት ክረምቱን መቀመጥ ለምደው ነበር። አባታቸው አፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ አወጁ። አገሩ በጦርነት ታመሰ። በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ተዉ። ፋሲለደስ የተረከቡት በሃይማኖት የቆሰለ አገር ነው። ካህናቱን አጠገባቸው ማድረግ አስፈላጊ ነበር። ለዚያ ደግሞ ከድንኳን ይልቅ ከተማ ይመቻል።

ማታ ላይ በሌላ ሚኒባስ ጎንደር ገባሁ።

ረቡዕ፦ ፋሲል ግቢ

የግቢውን አጥር ካለፍክ በኋላ መጀመሪያ ዓይንህን የሚይዘው የፋሲል ግንብ ነው። አራት ክብ ማማ፣ በየጫፉ እንቁላል የመሰለ ጉልላት። አስጎብኚዬ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ቀልድ ይወዳሉ። «ይሄ የአባት ቤት፣ ያ የልጅ ቤት፣ ያኛው የልጅ ልጅ» እያሉ አዞሩኝ። የፋሲል፣ የታላቁ ኢያሱ፣ የዳዊት፣ የበካፋ፣ የምንትዋብ። የኢያሱ ግንብ ጣሪያው የለም። ጣልያን ግቢውን መሥሪያ ቤት አድርጎት ስለነበር በ1941 እንግሊዝ ከአየር ደብድቦታል።

«ለምን አንዱ ባንዱ ቤት አልኖረም?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሰው በአባቱ ቤት ንጉሥ ይሆናል እንዴ!» ብለው ሳቁ።

ሳቁ እንጂ ነገሩ ቁም ነገር ነው። በድንኳኑ ዘመን ንጉሥ ግርማውን በጉዞ ያሳያል። ከተቀመጠ በኋላ በድንጋይ ማሳየት አለበት። ድንጋይ ደግሞ ገንዘብ ይበላል። ንጉሡ ለመኳንንቱና ለአድባራቱ ደመወዝ የሚከፍልበት ገንዘብ የለውም። የሚሰጠው ጉልት ነው። ጉልት ማለት መሬቱን ሳይሆን የመሬቱን ግብር የመብላት መብት ነው። መሬቱ ርስት ሆኖ በገበሬው እጅ ይቆያል። ንጉሡ እየዞረ በሚኖርበት ጊዜ የሰጠውን ጉልት ነቅሎ ለሌላ ይሰጣል። ጎንደር ከተቀመጠ በኋላ ግን ጎጃም ወይም ላስታ ያለ ባለ ጉልት ምን እየበላ እንደሆነ የሚያውቀው በወሬ ነው። ጉልቱ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ልጁ ደግሞ «የአባቴ ነው» ይላል እንጂ «ንጉሡ የሰጠኝ ነው» አይልም።

ለእኔ ውድቀቱ የሚጀምረው እዚህ ነው። ብዙዎቻችን የምንቆጥረው አፄ ኢዮአስ ከሞቱበት ከ1769 ነው። ያ ግን ደረሰኙ የተቆረጠበት ዓመት ነው። ዕዳው የቆየ ነው።

ታላቁ ኢያሱ ይህ የገባቸው ይመስለኛል። ከግቢው ወጥተው ብዙ ዘምተዋል፣ አገሩን ዞረዋል። መጨረሻቸው ግን አሳዛኝ ነው። በ1706 በልጃቸው በተክለ ሃይማኖት ትእዛዝ ጣና ላይ ደሴት ውስጥ ተገደሉ። ልጁን ታሪክ «ርጉም» ብሎ ጠራው። እርሱም በ1708 ተገደለ። ከ1706 እስከ 1721 ባለው ጊዜ ውስጥ ተክለ ሃይማኖት፣ ቴዎፍሎስ፣ ዮስጦስ፣ ዳዊት፣ አራት ነገሥታት ዙፋኑ ላይ ወጥተው አለፉ። ዳዊት የሞቱት በመርዝ ነው። ንጉሥ በድንኳን ሲኖር በጦር ሜዳ ይሞታል። በግንብ ሲኖር በወጥ ቤት።

ከሰዓት በኋላ ወደ አዲስ ዓለም ሰፈር ወረድኩ። በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። የሙስሊም ነጋዴዎች ሰፈር በዚያ መንገድ ነው የጸናው። የረጅም ርቀት ንግዱን የያዙት እነርሱ ነበሩ። ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ጨው፣ ከምጽዋ የሚመጣው ጨርቅ በእጃቸው ያልፋል። አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ሻይ እየጠጣሁ አሰብኩ። ግንቦቹ ሁሉ ሥራ ፈትተው ሙዚየም ሆነዋል። ንግዱ ግን አሁንም ንግድ ነው።

ሐሙስ፦ ቁስቋም

ጠዋት በባጃጅ ወደ ቁስቋም ወጣሁ። የእቴጌ ምንትዋብ ቤት ነው። ባለቤታቸው አፄ በካፋ በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ሕፃን ነበሩ። እቴጌይቱ ዘውድ ደፍተው ከልጃቸው ጋር ገዙ። ልጃቸው በ1755 ሲሞቱ ደግሞ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ነገሡ። እርሳቸውም ሕፃን ናቸው። አያትየው እንደገና ሞግዚት።

ቤተ ክርስቲያኑ ዘንድ አንድ አባት በር ከፈቱልኝ። በመስታወት ሳጥን ውስጥ አጽም አለ። «እቴጌ፣ ልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ናቸው» አሉኝ።

«አባ፣ ሦስቱም አንድ ላይ?»

«በሕይወት ያልተስማሙ በሞት ተስማሙ» አሉና መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ።

አለመስማማቱ እንዲህ ነው። ምንትዋብ የቋራ ዘመዶቻቸውን በሹመት አሰማሩ። የኢዮአስ እናት ውቢት የወሎ ኦሮሞ ናቸው። የእርሳቸውም ወንድሞች ከነፈረሰኞቻቸው ጎንደር ገቡ። ዛሬ ይህን በብሔር መነጽር ብቻ የሚያነብ ሞልቷል። እኔ ግን ሁለት የዘመድ ቡድን አንድ ባዶ እየሆነ ያለ ጎተራ ሲሻሙ ነው የሚታየኝ። በዚያ ላይ ዳግማዊ ኢያሱ በ1744 ሰናር ዘምተው ክፉኛ ተሸንፈው ነበር የተመለሱት። የተሸነፈ ንጉሥ ዘመድ ይበዛበታል፣ ወዳጅ ያንሰዋል።

አፄ ኢዮአስ መላ ሲያጡ የትግራዩን ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑልን ጠሩ። ለምን ሚካኤልን? ጠመንጃ ስላላቸው። ምጽዋን ከ1557 ጀምሮ ቱርክ ይዟታል። ጠመንጃ የሚገባው በዚያ በር ነው። ከምጽዋ ወደ መሃል አገር የሚወስደው መንገድ ደግሞ በትግራይ ያልፋል። አሞሌውም ከአፋር የሚወጣው በትግራይ በኩል ነው። ጨውም፣ ባሩድም፣ ቀረጥም አንድ በር ላይ ተገናኙ። በሩ ላይ የቆመው ሰው ሚካኤል ነው። ንጉሡ የጠሩት አገልጋያቸውን መስሏቸው ነበር። የመጣው ግን ባለ በሩ ነው።

በ1769 ሚካኤል ኢዮአስን አስገደሉ። ከዚያ ከነገሥታቱ ልጆች እስር ቤት ከወኅኒ አምባ አንድ ሽማግሌ አስመጥተው ዮሐንስ ዳግማዊ ብለው አነገሡ። እጃቸው የተቆረጠ ሰው ነበሩ። ለዘመቻ አልነሣም ሲሉ በዚያው ዓመት በመርዝ ሞቱ። ሚካኤልም ብዙ አልቆዩም። በ1771 የበጌምድርና የአምሐራ መኳንንት አብረው ሰርባኩሳ ላይ አሸነፏቸው። ያኔ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ነበር። የጻፈው ሁሉ ባይታመንም እዚያ መኖሩ አይካድም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሚካኤልን ያሸነፉት ሰዎች ለንጉሡ ሥልጣኑን ሊመልሱለት ይችሉ ነበር። አልመለሱም። ምክንያቱ ክፋት ብቻ አይመስለኝም። እያንዳንዱ መስፍን ያለ ጎንደር መኖር እንደሚችል አይቷል። ወታደሩን ራሱ ይቀልባል። ግብሩን ራሱ ይሰበስባል። ዳኝነቱም ከደጁ አያልፍም። ጎንደር የቀራት አንድ ነገር ነው፣ የሰሎሞን ዘር። ስለዚህ ንጉሥን ማንም አላጠፋም። ሁሉም የራሱን ንጉሥ ፈለገ። አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ከ1779 እስከ 1800 ድረስ ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ ወረዱ። «ፍጻሜ መንግሥት» ተብለው የቀሩት በዚህ ነው።

ከሰዓት ደብረ ብርሃን ሥላሴን አየሁ። ጣሪያው ላይ ስለተሣሉት መላእክት ሌላው ሰው በደንብ ጽፎታል። እኔ ወደ ፍራሽ ዞርኩ፣ እግሬ አልቆ ነበር።

ዓርብ፦ መንገድ

ቀኑ በመንገድ አለቀ። ወረታ ድረስ ተመልሼ ወደ ምሥራቅ ታጠፍኩ። በየዐይነቱ በላሁ። መንገዱ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ብቻ ነው። ደብረ ታቦር ስደርስ ሹራብ ለመልበስ ተጣደፍኩ። ወዲያ ማዶ ጉና ተራራ ጉም ለብሷል።

ቅዳሜ፦ ደብረ ታቦር

የታሪክ መምህር የሆነ የጓደኛዬ ወንድም ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ዋለ። መምህሩ ለከተማው ይቆረቆራል። «ሰው ሁሉ ጎንደር ጎንደር ይላል፤ አገሩ የሚገዛው ግን ከዚህ ነበር» ይላል። እውነቱን ነው። ከተማዋን የቆረቆሩት የየጁው ራስ ጉግሳ ናቸው። እስከ 1825 ድረስ እንደራሴ ሆነው ገዙ። በኋላ ከ1831 ጀምሮ ዳግማዊ ራስ ዓሊ። እናታቸው መነን የንጉሠ ነገሥቱ ሚስት ሆነው እቴጌ ተባሉ። ልጅ ያዛል፣ እናት ዘውድ ትደፋለች፣ ንጉሡ ጎንደር ይቀመጣል።

ራሶቹ ለምን ጎንደርን ትተው እዚህ መጡ? መምህሩ «የጦር ሰው ካህን በበዛበት ከተማ አይመቸውም» አለኝ። እኔ ግን የበጌምድር እህል ነው የመጣልኝ። የጉና ሥር አገር ፈረስም፣ ወታደርም ይቀልባል። ትልቁ ሥልጣን ግንቡን ትቶ ወደ ጎተራው ተመለሰ ማለት ነው።

በ1842 እዚሁ ደብረ ታቦር ላይ የተደረገው ጦርነት የዘመኑን ጠባይ ከማንም በላይ ያሳያል። የሰሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ራስ ዓሊን ወጉ። አሸነፉም። ዓሊ ሸሹ። ውቤ ድሉን ሲያከብሩ የዓሊ ዘመድ ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ማረኳቸው። አሸናፊው ምርኮኛ ሆነ። ሸሽቶ የነበረው ተመልሶ ሹመቱን ያዘ። ከዚያስ? ውቤ ብዙም ሳይቆዩ ተፈትተው ወደ ግዛታቸው ተመለሱ።

መምህሩ ይህን ሲተርክ ይስቃል። እኔ ግን ስሌቱ ግልጽ ነው አልኩት። ዓሊ የውቤን አገር በማን ይገዙታል? ሌላ ሰው ቢሾሙ እርሱም ነገ ውቤ ይሆናል። ማንም ሌላውን ማጥፋት አልቻለም፤ ቢያጠፋም የሚተካው የለውም። ዘመነ መሳፍንት ሰማንያ ስድስት ዓመት የቆየው ለዚህ ነው።

በዚህ መሃል ዳር ያለው አገር በራሱ መንገድ ሄደ። ሸዋ ውስጥ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1813 እስከ 1847 ነገሡ። በ1841 ከእንግሊዝ፣ በ1843 ከፈረንሳይ ጋር ውል ተዋዋሉ። ጎንደርን የጠየቀ የለም። ቤተ ክርስቲያንም በሃይማኖት ክርክር ተከፋፍላ ነበር። ጎጃም ቅባት፣ ሌላው ጸጋ፣ ሌላው ካራ። እያንዳንዱ መስፍን የሚመስለውን ወገን ይደግፋል። ጎንደር ላይ ጉባኤ ጠርቶ የሚቆርጥ ጉልበተኛ ንጉሥ ስለጠፋ ክርክሩ መቋጫ አጣ።

ሆኖም አንድ ነገር መምህሩ ደጋግሞ ነገረኝ። «የፈረሰው ቤተ መንግሥቱ ነው እንጂ አገሩ አይደለም» አለ። ርስት ይወረሳል። ሽማግሌ ያስታርቃል። የጎጃም ቅኔ ቤቶች ተማሪ አያጡም። ነጋዴው አሞሌውን ጭኖ ከአንዱ መስፍን ወደ ሌላው ያልፋል፣ በየኬላው ቀረጥ እየከፈለ። ከግቢው ጋር ያልታሰረ ነገር ሁሉ ቀጥሏል። ይህ እውነት ነው። ግን እዚህ ላይ ተከራከርን። ቀረጡ በየኬላው መሆኑ ራሱ ዕዳ ነው። ለገበሬውም ከአንድ የራቀ ጌታ ይልቅ አምስት የቀረቡ ጌቶች አይሻሉም። ደሞዝ የሌለው ወታደር በገበሬ ቤት ነው የሚቀለበው። በጌምድር በተለይ የሁሉም መተላለፊያ ስለነበረች አበሳዋን አይታለች። መምህሩ «እሱስ ልክ ነህ» አለ፣ ግን ፊቱ አልተስማማም።

እሑድ፦ ጋፋት

ከቅዳሴ በኋላ ወደ ጋፋት ሄድን። ከከተማው ብዙ አይርቅም። ዛሬ ላየው ሰው ሜዳና ጥቂት ፍርስራሽ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስፍረው መድፍ ያሠሩበት ቦታ ነው። ሴባስቶፖል የተሠራው እዚህ ነው። ሰባት ቶን ይሆናል ይባላል።

ቴዎድሮስ፣ ያኔ የቋራው ካሣ፣ ራስ ዓሊን በ1853 አይሻል ላይ፣ ውቤን በ1855 ደረስጌ ላይ አሸነፉ። በዚያው ዓመት ነገሡ። የገባቸው ነገር ጥልቅ ነው። ወታደር በደመወዝ እንጂ በገበሬ ቤት አይደር አሉ። የቤተ ክርስቲያን መሬት በዛ አሉ። ሹሞችን በራሳቸው ሰዎች ለመተካት ሞከሩ። ችግሩ የሚከፍሉበት ገንዘብ አልነበረም። መድፍ እንጂ ገንዘብ ያዥ፣ ጸሐፊ፣ መንገድ አልነበረም። ስለዚህ ጉልበት ጨመሩ። ጉልበት ሲጨምር ሽፍታው ጨመረ። በ1865 ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ያዙ። ላስታ በዋግሹም ጎበዜ እጅ ገባ። በ1866 ቴዎድሮስ ጎንደርን ራሷን ዘረፉ፣ አቃጠሉ። የአንድ መንግሥት ንጉሥ የራሱን መናገሻ ሲያቃጥል ማየት ይከብዳል። በመጨረሻ ሴባስቶፖልን ተራራ እየደረመሱ፣ መንገድ እየጠረጉ ወራት ፈጅተው ወደ መቅደላ አስጎተቱት። በሚያዝያ 1868 እንግሊዞች ሲደርሱ እጃቸው ላይ የቀረው አምባው ነበር ማለት ይቻላል።

መድፉ የተሠራበት ቦታ ላይ ቆመን ለመምህሩ የመጣልኝን ነገርኩት። አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከቴዎድሮስ የተማሩ ይመስለኛል። በ1878 ልቼ ላይ ምኒልክን አስገበሩ፣ የሸዋ ንጉሥነታቸውን ግን አጸደቁላቸው። በዚያው ዓመት ቦሩ ሜዳ ላይ የሃይማኖቱን ክርክር በጉባኤ ቆረጡ። በ1881 የጎጃሙን ራስ አዳልን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ብለው አነገሡ። መስፍኑን ከማጥፋት ማንገሥ ይቀላል ያሉ ነው የሚመስለው። አንድ ንጉሠ ነገሥት፣ ከሥሩ ነገሥታት። ያልተማከለውን አገር ባልተማከለ መንገድ መያዝ።

«እምባቦስ?» አለኝ መምህሩ ወዲያው። በ1882 ሁለቱ የተሾሙ ነገሥታት፣ ምኒልክና ተክለ ሃይማኖት፣ እምባቦ ላይ ተዋግተዋል። ደሙም ብዙ ነው።

«ተዋጉ፣ ግን ዮሐንስ ሁለቱንም ቀጥተው፣ ግዛት ቀንሰው አስታረቁ። ዘውዱ እኮ ፈራጅ ሆኖ ቀጠለ» አልኩት።

«ፈራጅ የሚሆነው እስከማን ድረስ ነው? ዮሐንስ እስካሉ ድረስ ነዋ!»

ጥሩ መልስ አልነበረኝም። እስከ ከተማ ድረስ በእግር ስንመለስ ተከራከርን። እርሱ ነገሩ ሁሉ በሰውየው ጥንካሬ ያልፋል ባይ ነው። እኔ ደግሞ ጥሩ ንጉሥ ቢኖርም እህሉ፣ ጠመንጃውና ቀረጡ ዳር ላይ ባለው ሰው እጅ ከገባ ንጉሡ ምን ሊያደርግ ይችላል ባይ ነኝ። ራት ላይ ቡና እስኪፈላ ድረስ ስለ ራስ ጉግሳ ተነሣ፣ እንደገና ተጋጨን። ሰኞ ጠዋት የባሕር ዳር መኪና በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው ስለተባለ በጊዜ ተኛን።